ይዞ አለመብላት

በአማርኛ «በላ» የሚለው ግስ ከእንጀራ አልፎ ብዙ ሥራ ይሠራል። ጉቦ ይበላል። የሰው ሐቅ ይበላል። ዕጣው ቀድሞ የወጣለት ሰው መዋጮውን ሳይጨርስ ከተሰወረ «ዕቁቡን በልቶ ጠፋ» ይባላል። የተሰጠውን ያጠፋ ሰው ደግሞ ስሙ «አደራ በላ» ነው። በሌላ በኩል የማኅበርን ወይም የኅብረትን ገንዘብ የተረከበውን ሰው «ገንዘብ ያዥ» እንለዋለን። ቋንቋችን ሁለቱን ሰዎች በሁለት ግሶች ለይቷቸዋል፤ አንዱ ይይዛል፣ ሌላው ይበላል። በመካከላቸው ያለው ርቀት ግን አጭር ነው። ለመብላት አስቀድሞ መያዝ ያስፈልጋልና፣ አደራ በላ ሁሉ አንድ ቀን አደራ ያዥ ነበረ።

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን ተረት ያልሰማ ወጣት በመካከላችን አይገኝም። ተረቱ ይዞ ያልበላውን ሰው ሞኝ ያደርገዋል። ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ታማኝ ትለዋለች። እሑድ የምንሰማው አንዱን ነው፤ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ በመሥሪያ ቤትና በገበያ የምንሰማው ሌላውን። ስለዚህ ጥያቄው የእኛው ነው፦ የሚበላ ነገር በአፍ ይዞ አለመብላት ይቻላልን? የሚቻል ከሆነስ በምን ይመጣል? በፍርሃት ነው፣ በልምምድ ነው ወይስ ከእነዚህ በሚበልጥ ነገር? ሰሎሞን ታካችን ሰው ከጉንዳን እንዲማር ልኮታል። እኛም ለዚህ ጥያቄ ለጥቂት ጊዜ ወደ ውሻ ብንሄድ አያስነውረንም።

የወፍ አምጪው ውሻ ትምህርት

በውጭ አገር «ሪትሪቨር» የሚባሉ የውሻ ዝርያዎች አሉ፤ «ፈልጎ የሚያመጣ» እንደ ማለት ነው። ሥራቸው አዳኙ ተኩሶ የጣላትን ወፍ ከቁጥቋጦ ወይም ከውኃ ውስጥ ፈልገው፣ በአፋቸው ይዘው በእጁ ማስረከብ ነው። ላብራዶር የሚባለው ዝርያ የዘር ሐረጉ በካናዳ በኒውፋውንድላንድ ደሴት ዓሣ አጥማጆችን ያግዙ ከነበሩ የውኃ ውሾች ይመዘዛል። ጎልደን ሪትሪቨር ደግሞ የተጀመረው በስኮትላንድ ነው። በኋላ ሎርድ ትዊድማውዝ የተባሉት ዳድሊ ማርጆሪባንክስ እ.ኤ.አ. በ1868 ኑስ የተባለውን ቢጫ ውሻቸውን ቤል ከተባለች የውኃ ስፓንየል ጋር አዳቀሉ፤ አራት ቢጫ ቡችሎችም ተወለዱ። የዝርያው ታሪክ ከዚያ ይጀምራል።

ነገሩን ልብ በሉ። ውሻ ሥጋ በል ነው። ወፏ ገና ሙቀቷ ያልወጣ ሥጋ ናት። ውሻው ከጌታው ርቆ፣ ሣር ውስጥ ገብቶ፣ ማንም በማያየው ቦታ ያገኛታል። በጥርሱ ይይዛታል፤ ጣዕሟ በምላሱ ላይ ነው። ከዚያ ግን ሳይነክሳት ተመልሶ ይሮጥና በጌታው እጅ ላይ ያኖራታል። አሠልጣኞች ይህንን «ለስላሳ አፍ» ይሉታል። የሚያደቅቀውን ደግሞ «ጠንካራ አፍ» ይሉታል። በእንግሊዝ በሚደረገው የመስክ ውድድር ዳኞች ወፏን ተቀብለው የጎድን አጥንቷን በጣታቸው ይዳስሳሉ። ላባዋ ሳይነካ አጥንቷ ደቅቆ ሊገኝ ይችላልና። አፈ ጠንካራ መሆኑ የተረጋገጠ ውሻ ምንም ያህል ፈጣን ቢሆን ከውድድሩ ይወጣል።

ይህ እንዴት ይመጣል? ግማሹ ከዘር ነው፤ ግማሹ ግን ትምህርት ነው። ትምህርቱም በወፍ አይጀመርም። ቡችላው መጀመሪያ የሚማረው ቁጭ ማለትን፣ መቆየትንና ሲጠሩት መምጣትን ነው። ቀጥሎ በሸራ የተሰፋ ጥቅልል ይወረወርለትና ያመጣል። ጥቅልሉን ይዞ ሲመጣ አሠልጣኙ አይነጥቀውም፤ እያመሰገነ በቀስታ ይቀበለዋል። በጉተታም አይጫወትበትም፤ የሚጎተት ነገር ውሻን ጥርሱን እንዲያጠብቅ ያስተምረዋልና። ከጥቅልል ወደ ቀዘቀዘች ወፍ፣ ከቀዘቀዘች ወፍ ወደ ትኩስ ወፍ ይሸጋገራል። ወራት የሚፈጅ ሥራ ነው።

ከትምህርቱ ሁሉ አንዱ ክፍል በተለይ ያስደንቃል። አሠልጣኙ ጥቅልሉን ወርውሮ ውሻውን «ቆይ» ይለውና ራሱ ሄዶ ያነሣዋል። ውሻው ቁጭ ብሎ ያያል። ይህ ደግሞ ደጋግሞ ይደረጋል። ዓላማው ውሻው «የወደቀ ሁሉ የእኔ አይደለም» የሚለውን እንዲያውቅ ነው። በወደቀው ሁሉ ላይ ዘሎ የሚገባ ውሻ ለአደን አይሆንም። እንግዲህ የማምጣት ትምህርት ግማሹ አለመሄድን መማር ነው።

በላስታ የሚያዘው ምንድን ነው?

በእኛ በላስታ ውሻ ሌላ ሥራ አለው። ከአቡነ ዮሴፍ ተራራ በታች ባለው ደጋ፣ ገብስ በሚዘራበትና በግ በሚረባበት አገር፣ ውሻ በሌሊት ጅብን፣ በቀን ቀበሮን ይከላከላል፤ ጭላዳም ከማሳ ያባርራል። ቆቅና ጅግራ በየገደሉ አሉ፤ ንቁ ሰው «ቆቅ ነው» የሚባለው የወፏን ነቃታ ስለምናውቅ ነው። ነገር ግን የላስታ ውሻ ወፍ አምጪ ሳይሆን በግ ጠባቂ ነው። ጥያቄው ግን ያው ነው። ውሻው ሌሊቱን ሙሉ ሥጋ መካከል ተኝቶ ያድራል። ግልገል ከአፉ አጠገብ ነው። ጅብን አባሮ ግልገሉን ራሱ የሚበላ ከሆነ ለባለቤቱ ከጅብ የባሰ ነው፤ ጅብ ቢያንስ በር ይዘጋበታል።

ሰውም በእንዲህ ያለ ቦታ ላይ ይቆማል። ወሎ በ1966 እና በ1977 ዓ.ም. የደረሰበትን ረሃብ ወላጆቻችንና አያቶቻችን ያውቁታል። እህል ከሩቅ አገር በመርከብ፣ በአውሮፕላንና በመኪና መጥቶ ሕይወት እንዳተረፈም ያውቃሉ። እያንዳንዱ ኩንታል ወደ ተራበው ሰው ጓዳ እስኪደርስ ድረስ በብዙ እጆች ያልፋል፤ የሚጭን አለ፣ የሚያወርድ አለ፣ የሚመዘግብ አለ፣ ቁልፍ የሚይዝ አለ። በሰኔ 2015 ዓ.ም. የአሜሪካ የተራድኦ ድርጅትና የዓለም የምግብ ፕሮግራም የምግብ ዕርዳታቸውን በመላ ኢትዮጵያ አቋረጡ። ምክንያታቸው ለችግረኞች የመጣው እህል በሰፊው ለሌላ መዋሉ ነበር። ዕርዳታው እንደገና የተጀመረው ከወራት በኋላ ነው።

እዚህ ላይ ማን በላ ብለን አንከራከርም። የምናየው የነገሩን አሠራር ነው። አንድ ኩንታል የበላ ሰው አንድ ኩንታል ብቻ የበላ ይመስለዋል። የበላው ግን ኩንታሉን የሚያመጣውን መተማመን ነው። የሰጪው እጅ ሲታጠፍ፣ ያልሰረቀችው እናት ልጇን ይዛ ባዶ ከረጢት ታጥፋለች። ከአንድ ሰው የተሰረቀ ለአንድ ሰው ይመለሳል፤ ዘኬዎስ አራት እጥፍ እመልሳለሁ ብሏል። የተበላ መተማመን ግን ለማን ይመለሳል? አራት እጥፉስ ስንት ነው?

ሥልጠና ግብዝነት ነውን?

እዚህ ላይ አንድ አሳቢ ወጣት እንዲህ ሊል ይችላል፦ «ውሻው የማይበላው ስለ ለመደ ነው። ልማድ ደግሞ በጎነት አይደለም። እኔም በቤተ ክርስቲያን አድጌ፣ ቤተሰቤ ስለ ተቆጣጠሩኝ፣ ሰው ምን ይለኛል ብዬ ከሆነ የማልሰርቀው፣ ታማኝ ነኝ ማለት ነው? ወይስ የተገራ ውሻ ብቻ ነኝ?»

ጥያቄው ቀላል አይደለም፤ ታላላቅ ፈላስፎችም አስበውበታል። አማኑኤል ካንት እ.ኤ.አ. በ1785 ባሳተመው የሥነ ምግባር መጽሐፍ ስለ አንድ ባለሱቅ ይናገራል። ባለሱቁ ዋጋ የማያውቅ ሕፃን እንኳ ቢመጣ አያታልልም። ነገር ግን የማያታልለው ደንበኛ እንዳይሸሸው ከሆነ፣ ሥራው ትክክል ቢሆንም የሥነ ምግባር ክብር የለውም ይላል ካንት። ከእርሱ ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ቀድሞ የነበረው አርስቶትል ደግሞ ሌላ መንገድ ያሳያል። ሰው በገና በመደርደር ደርዳሪ እንደሚሆን፣ ጽድቅ የሆነውን በመሥራት ጻድቅ ይሆናል ይላል። ለእርሱ ልማድ የበጎነት ጠላት ሳይሆን የሚያድግበት አፈር ነው።

እኔ እንደሚመስለኝ ሁለቱ የሚመልሱት ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎችን ነው። ካንት «ለምን አልበላህም?» ብሎ ይጠይቃል። አርስቶትል «እንዴት የማይበላ ሰው ሆንህ?» ይላል። ወጣት ለሁለቱም መልስ ያስፈልገዋል። ለምን የሚለውን ያላወቀ ሰው ተቆጣጣሪው ዘወር ሲል ይበላል። እንዴት የሚለውን ያልተለማመደ ሰው ደግሞ ለምን መብላት እንደሌለበት አሳምሮ እያስረዳ ይበላል። ሁለተኛውን ዓይነት ሰው በቤተ ክርስቲያን ውስጥ አጥተን አናውቅም።

ፈተና ረጅም ጊዜ አይሰጥምና። የቤት ኪራይ ቀን ደርሷል፤ ባለቤቱ ደውሏል፤ የኅብረቱ ገንዘብ በስልክህ ሒሳብ ላይ ተቀምጧል። «ለሦስት ቀን ብቻ ልውሰድና እመልሳለሁ» የሚለው ሐሳብ በአንድ ደቂቃ ይመጣል። በዚያች ደቂቃ ማንም ፍልስፍና አያነብም። በዚያች ደቂቃ የሚናገረው ቀደም ብሎ ሲለማመዱት የኖሩት ነገር ነው። ትኩስ ወፍ በአፉ የያዘ ውሻ ያን ጊዜ ለስላሳ አፍን መማር አይችልም፤ የሚማረው በሸራው ጥቅልል ጊዜ ነው። ጌታችንም በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 16 ላይ በትንሹ የታመነ በብዙም እንደሚታመን ያስተማረው ለዚህ ነው። በዚያው ስፍራ የሌላ ሰው በሆነው ነገር ያልታመነ፣ የራሱን ማን ይሰጠዋል ብሎ ይጠይቃል። የእኛ የሸራ ጥቅልል ከሱቅ የተመለሰው የአምስት ብር መልስ ነው፤ የመዘምራን የልብስ መዋጮ ነው፤ ከጓደኛ የተዋስነው መጽሐፍ ነው።

ይሁን እንጂ በውሻውና በእኛ መካከል ልዩነት አለ፤ ይህም መረሳት የለበትም። ውሻው ወፏ የማን እንደ ሆነች አይጠይቅም። አዳኙ እጅ ላይ ካኖራት በኋላ ወዴት እንደምትሄድ አያውቅም። ሰው ግን «ይህ የማን ነው? ለማንስ ይደርሳል?» ብሎ መጠየቅ ይችላል። ስለዚህ የሠለጠነ ልማድ ግብዝነት አይደለም፤ ጥያቄውን እንዳይጠይቅ የተደረገ ልማድ ግን ጎደሎ ነው። ቤተሰብህ ያስለመዱህን አትናቅ። የእነርሱን «አትንካ» ተቀብለህ ምክንያቱን ራስህ ፈልገህ ጨምርበት። የዚያን ጊዜ ልማዱ የተበደርኸው ሳይሆን የራስህ ይሆናል።

የተራበ ያዥ

ሌላ ከባድ ተቃውሞ አለ። «ለጠገበ ውሻ አለመብላት ቀላል ነው። ደመወዙ ወር የማያደርሰው መዝገብ ያዥስ? የሚጠብቀው እህል ለተራቡ የመጣ፣ እርሱ ራሱ የተራበ ጠባቂስ?»

ይህን ተቃውሞ በስብከት ብቻ ማለፍ አይገባም። መጽሐፍ ቅዱስም አያልፈውም። በዘዳግም 25 ላይ እግዚአብሔር የሚያበራየውን በሬ አፉን እንዳናስር ያዝዛል። በአውድማ ላይ ነዶ የሚረግጥ በሬ ከሚረግጠው ይቀምሳል፤ ያ ስርቆት አይደለም፣ ድርሻው ነው። ጳውሎስም ይህን ትእዛዝ በ1ኛ ቆሮንቶስ 9 ላይ ወደ ሰው ሠራተኛ ያመጣዋል። ወፍ አምጪውም ውሻ ቢሆን በሚገባ ይቀለባል። አስርቦ በወፍ መካከል የሚለቀው አሠልጣኝ ወፏ ስትበላ ውሻውን ብቻ ሊወቅስ አይችልም።

ስለዚህ አደራ የሚሰጥም ሰው ግዴታ አለበት። ቤተ ክርስቲያን ጥበቃዋን፣ ጸሐፊዋንና አገልጋይዋን ለኑሮ በማይበቃ ገንዘብ ይዛ «ታማኝ ሁኑ» ብላ የምትሰብክ ከሆነ የበሬውን አፍ አስራለች። ባለሱቅ የሆነ ወገናችን ተቀጣሪውን ልጅ በምሳ ሰዓት ሳያበላ ካሽ ላይ ካስቀመጠው የፈተናው ተካፋይ ነው። አደራ የሁለት ሰዎች ነገር ነው።

ይህን ካልን በኋላ ግን አንድ እውነት ይቀራል። ረሃብ በደልን ያስረዳል፤ ሁልጊዜ ግን አያጸድቅም። ጌታ ኢየሱስ አርባ ቀን ጾሞ በተራበ ጊዜ ድንጋዩን እንጀራ የማድረግ ሥልጣን በእጁ ነበር። አላደረገውም። ያው ጌታ አምስት ሺህ የተራቡ ሰዎች በፊቱ ሲቀመጡ «ታገሡ» ብሎ አልሰደዳቸውም፤ አበላቸው። ይህን ሁለት ነገር አብረን እንያዝ። መታቀብን በራሱ ላይ አደረገ፤ ጥጋብን ለሌሎች አደረገ። እኛ ብዙ ጊዜ እንገለብጠዋለን፤ ለራሳችን ጥጋብን፣ ለሌላው የመታቀብ ስብከትን እንመርጣለን።

«ፈርም» ቢባልስ?

ሦስተኛው ተቃውሞ ስለ መታዘዝ ነው። የሠለጠነ ውሻ ያዘዙትን ያደርጋል። አለቃው «ይህን የሐሰት ደረሰኝ ፈርም፣ አንተ ብቻህን አትበላም» ብሎ ሲያዝዝ የታዛዥነት ሥልጠና ምን ይረዳል? እንዲያውም ታዛዥ ሰው ለእንዲህ ያለው አለቃ ምቹ አይሆንምን?

በዚህም ላይ ከውሾቹ የምንማረው አለ። እነዚሁ ላብራዶሮችና ጎልደን ሪትሪቨሮች ዛሬ በብዙ አገር ማየት የተሳናቸውን ሰዎች ይመራሉ። መሪ ውሻ «ሂድ» ሲባል መሄድን ይማራል፤ መኪና እየመጣ ከሆነ ግን «ሂድ» ቢባልም መቆምን ይማራል። ባለቤቱ ማየት አይችልም፤ ውሻው ግን ያያል። በዚያች ቅጽበት እምቢ ማለቱ ለባለቤቱ ያለው ታማኝነት ነው። ትእዛዙን የሚጥሰው ትእዛዙ የቆመለትን ሰው ለማዳን ነው።

ሐዋርያትም በሐዋርያት ሥራ 5 ላይ ከሰው ይልቅ ለእግዚአብሔር መታዘዝ እንደሚገባ ሲመልሱ ዐመፀኞች አልነበሩም። ዮሴፍ በጶጢፋር ቤት ሁሉ በእጁ ሆኖ ሳለ ለጌታው ሚስት እምቢ ያለው ለጌታው ታማኝ ስለ ነበረ ነው። አለቃህ ፈርም ሲልህ ማስታወስ ያለብህ አደራውን የሰጠህ አለቃህ ብቻ እንዳልሆነ ነው። አለቃውም ያዥ ነው፤ ወፏ የእርሱም አይደለችም። እምቢታህን በትሕትና፣ ከተቻለም በጽሑፍ አድርገው። ዋጋ ያስከፍልህ ይሆናል። ዮሴፍንም ወህኒ አስገብቶታል። ይህን አስቀድሞ ማወቅ ይሻላል፤ ታማኝነት ሁልጊዜ በዚያው ወር ይከፈላል ብሎ የሰበከ ሰው ወጣቶችን አልረዳም።

ለስላሳ አፍ

አደራ ገንዘብ ብቻ አይደለም። በወጣቶች ኅብረት ውስጥ ከገንዘብ ይልቅ ብዙ የሚበላው ሌላ ነገር ነው። አንዲት እኅት በጸሎት ቡድን ውስጥ የቤቷን ችግር ትናገራለች። አንድ ወንድም ስለ ወደቀበት ነገር ለሽማግሌ ሳይሆን ለጓደኛው ይተነፍሳል። ያ ቃል አሁን በአፋችን ውስጥ ነው። «እንድትጸልዩላት ብዬ ነው» ብለን ለሦስት ሰው እንናገራለን። ማክሰኞ የተነገረው ዓርብ ከተማውን ይዞራል። ጳውሎስ በገላትያ 5 ላይ እርስ በርስ ስለ መናከስና ስለ መበላላት ያስጠነቀቀው ለቤተ ክርስቲያን ሰዎች ነው።

ዳኞቹ የወፏን አጥንት በጣታቸው መዳሰሳቸው ትዝ ይበለን። ከውጭ ሲያዩአት ላባዋ ደኅና ነው። እኅታችንም በሚቀጥለው እሑድ መጥታ ትዘምር ይሆናል፤ ፈገግም ትል ይሆናል። ውስጧ ግን ደቅቆ ሊሆን ይችላል፤ ደግማም ለማንም አትናገርም። ምስጢርን ሰምቶ፣ ሳይነክስ ይዞ፣ ወደ እግዚአብሔር ብቻ ማድረስ በወጣትነት ከሚማሩት ሙያዎች ሁሉ ከባዱ ነው። በፍቅር ግንኙነትም እንዲሁ ነው። ያመነችህ እኅት ልብ፣ ያመነሽ ወንድም ልብ በአደራ የተሰጠ ነው፤ እስኪሰለች የሚጫወቱበት ሸራ አይደለም።

ቁራና ርግብ፣ ወይፈንና በሬ

መጽሐፍ ቅዱስ ፈልገው የሚያመጡ ፍጥረታትን ያውቃል። ኖኅ ከመርከብ ቁራን ሰደደ፤ ቁራው ወዲያና ወዲህ ሲል ቀረ። የተላከበትን ረስቶ የሚቀር ሰው «የቁራ መልእክተኛ» የሚባለው ከዚህ ነው። ርግቧ ግን በአፏ የወይራ ቅጠል ይዛ ተመለሰች። የዳዊት ሦስት ኃያላንም የፍልስጥኤማውያንን ሰፈር ሰንጥቀው ከቤተ ልሔም ጕድጓድ ውኃ ቀዱ። በደም የተገዛውን ውኃ ይዘው መጡ፤ ዳዊትም ሊጠጣው አልደፈረም፣ ለእግዚአብሔር አፈሰሰው። በሌላ በኩል ከአሥራ ሁለቱ መካከል ገንዘብ ያዥ የነበረው ይሁዳ ነው። ዮሐንስ በምዕራፍ 12 ላይ ከረጢቱን ይዞ ከሚገባው ይወስድ እንደ ነበረ ጽፏል። ሠላሳው ብር የመጀመሪያው ንክሻ አልነበረም።

ከሁሉ የሚገርመው ግን ስለ ኤልያስ የተጻፈው ነው። በረሃብ ዘመን ነቢዩ በኮራት ፈፋ ተሸሸገ። እግዚአብሔርም ጠዋትና ማታ እንጀራና ሥጋ የሚያመጡለት ቁራዎችን አዘዘ። ቁራን በላስታ ገደል አፋፍ ላይ በየቀኑ እናየዋለን፤ ማጅራቱ ላይ ነጭ ምልክት ያለው ወፍራም መንቁሩ የደጋው ቁራ። ሥጋ ሲያገኝ ምን እንደሚያደርግ የሚነግረን አያስፈልገንም። ያ አፍ ሥጋ ይዞ፣ በረሃብ ዘመን፣ ለሌላ ሰው አደረሰ። በኖኅ ዘመን መልእክቱን ረስቶ የቀረው ወፍ በኤልያስ ዘመን የታመነ መልእክተኛ ሆነ። ሕጉ ርኩስ ያለው ወፍ ነው፤ ተፈጥሮውም አልተለወጠም። ልዩነቱ ያዘዘው ጌታ ነው።

በመጨረሻ ጥያቄው ወደዚህ ይደርሳል። ሥልጠና ብቻውን አያድነንም፤ ጠንካራ አፍ ከውስጥ ነውና። ጸጋም ሥልጠናን አያስቀርም፤ ጳውሎስ ለቲቶ ሲጽፍ (ምዕራፍ 2) ጸጋ ራሱ እንደሚያስተምረንና እንደሚገራን ተናግሯል። በላስታ ገበሬ ወይፈን ሲገራ ብቻውን ሞፈር አያስጎትተውም። ሥራ ከለመደ በሬ ጋር በአንድ ቀንበር ይጠምደዋል። ወይፈኑ መንገዱን የሚያውቀው ከጅራፉ ብቻ አይደለም፤ አጠገቡ ከሚሄደው ነው። አሮጌው በሬ ሲቆም ይቆማል፣ ሲዞር ይዞራል፤ ከባዱንም ጭነት አሮጌው ይሸከማል። ጌታ ኢየሱስ በማቴዎስ 11 ላይ ቀንበሩን ተሸክመን ከእርሱ እንድንማር የጠራን በዚህ መንገድ ነው። ለአርባ ቀን ተርቦ ያልበላው፣ ሥልጣን በእጁ ይዞ ለራሱ ያላደረገው እርሱ በቀንበሩ ሌላኛው ወገን ላይ አለ።

ስለዚህ ለወጣቶች ኅብረቶቻችን ጥቂት ነገር ላሳስብ። ገንዘብ የሚቆጠረው በሁለት ሰው ይሁን። ጳውሎስ እንኳ የኢየሩሳሌምን ስጦታ ብቻውን አልያዘም፤ ማንም እንዳይነቅፈው ሌሎች ወንድሞች አብረው እንዲሄዱ አደረገ (2ኛ ቆሮንቶስ 8)። የኅብረቱ ብር ከግል ስልክ ሒሳብ ጋር አይቀላቀል። የተረፈ መልስ በዚያው ቀን ይመለስ። በጸሎት ቡድን የተሰማ በጸሎት ቡድን ይቅር። የያዘ ሰው ሲቸገር ሳያፍር የሚናገርበት አንድ ሽማግሌ ወይም አንዲት እናት ትኑር፤ ኅብረቱም ሳይሰርቅ ይርዳው። እነዚህ ትንንሽ ነገሮች ናቸው፤ የሸራ ጥቅልል ናቸው።

ከእናንተ መካከል ነገ የመጋዘን ቁልፍ የሚይዝ አለ። የወረዳ በጀት፣ የታካሚ መድኃኒት፣ የትምህርት ቤት ፈተና፣ የመንጋ ነፍስ የሚይዝ አለ። በዚያን ጊዜ ተረቱ መጥቶ በጆሯችሁ ይናገራል፤ ሳይበሉ መሻር እንደሚያስቆጭ ያስታውሳችኋል። እንዲህ ብላችሁ መልሱለት፦ እኔ የያዝሁት የሚበላው ሰው አለ፤ እስካሁን አልበላም፤ እየጠበቀኝ ነው።